በ«ፓንክረስት» ውስጥ ክርስቶስን ለሚፈልጉ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ዘንድ ብቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ደርሷል። ለአራተኛ ጊዜ የላኩልኝ አክስቴ ናቸው፤ «አየህ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል ቃል አክለውበት። አክስቴን በስልክ ልሞግት ሞክሬ እንደተለመደው ተሸነፍኩ። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ በጽሑፍ መመለስ ነው።

የጽሑፉ ጉዳይ «ፓንክረስት» የሚለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ነው። ስሙ በራሱ አገር እምብዛም አይገኝም፤ እኛ ጋ ግን በሲልቪያ ፓንክረስትና በልጃቸው በፕሮፌሰር ሪቻርድ ምክንያት ጆሮ ለምዶታል። ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ስሙ «ፓን» እና «ክረስት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን ትርጉሙ «ሁሉ በክርስቶስ» ነው ይላሉ። መጀመሪያ የያዙት ኢየሩሳሌም ድረስ የዘመቱ የመስቀል ጦር ባላባቶች መሆናቸውን ይናገሩና የቤተሰቡን ጋሻና ዓርማ በማስረጃነት ያቀርባሉ። ከዚያም ስሙ ለሲልቪያ የደረሰው በእናታቸው በኤመሊን የዘር ሐረግ እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ሲልቪያን «ወለተ ክርስቶስ» ያለቻቸው የስሙን ምሥጢር አውቃ እንደሆነ ይተርካሉ። የሚዘጉት ደግሞ ስሙ ብርቅ ስለሆነ በዓለም ላይ ያለ ፓንክረስት ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነው በማለት ነው።

ከአምስቱ አንዱም አይቆምም። ጽሑፉ ስለ ሲልቪያ ውለታ የሚያነሣው ግን ትክክል ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በግንቦት 1936 (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አደርጋቸዋለሁ) ለንደን ላይ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ጀምረው ሃያ ዓመት ያህል አሳትመዋል። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከስሙ ትርጉም ጋር ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ፤ የቤቱ ምሰሶ እሱ ነውና። ምሰሶው የተተከለው በእንግሊዝኛው ስም ላይ ሳይሆን በእኛ አጻጻፍ ላይ ነው። «ፓንክረስት» ብለን ስንጽፍ ዓይናችን ወዲያው «ክርስቶስ»ን ያያል። እንግሊዛዊው ስሙን ሲጠራው ግን የሚሰማው «ፓንክኸርስት» ወደሚለው የቀረበ ነው፤ አናባቢው የሚመጣው «ር» ከመባሏ በፊት ነው። ክርስቶስ በእንግሊዝኛ «ክራይስት» ነው፤ እዚያ ደግሞ «ር» ቀድማ አናባቢው ይከተላል። ለእኛ ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታየን የሳድስ ፊደል ልጆች ስለሆንን ነው። «ክርስት» ተብሎ የተጻፈን ቃል «ክ» እና «ር»ን አጣብቆ ያነበበውም አላቅቆ ያነበበውም ከፊደሉ ጋር አይጣላም። ፊደሉ ዝም ይላል፤ ጸሐፊው በዝምታው ውስጥ የፈለጉትን ሰሙ።

በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ «ክ» የምትገባው ከፊተኛው ክፍል ጋር ነው። ስሙ የሚከፈለው «ፓንክ» እና «ኸርስት» ተብሎ ነው። ብልት የሚያውቅ ሰው ቢላዋውን በመገጣጠሚያው ላይ ያሳርፋል፤ ጸሐፊው አጥንቱን መቱት።

«ኸርስት» ምንድን ነው? በጥንታዊው እንግሊዝኛ በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ ማለት ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት፣ ሰሴክስና ሰሪ በተባሉት አውራጃዎች ላይ የተዘረጋ «ዊልድ» የሚባል ምድር አለ፤ ጥንት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፤ ስሙም ያንኑ ይናገራል። በዚያ አገር በመኪና የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ዳር «ኸርስት»ን እኛ «አምባ»ን በምናገኝበት ብዛት ያገኘዋል። ሚድኸርስት፣ ቢሊንግስኸርስት፣ ላምበርኸርስት፣ ስቴፕልኸርስት። ሆክኸርስት የጭልፊት ጉብታ ነው፤ ክሮውኸርስት የቁራ፤ ቺዝልኸርስት የጠጠር። በጦር ትምህርት ቤቱ ዓለም ያወቀው ሳንድኸርስት አሸዋማው ጉብታ ነው። የጋምቢያ ዋና ከተማ ባንጁል እስከ 1973 ድረስ ባትኸርስት ትባል ነበር፤ ስሙን ያገኘችው ባትኸርስት ከሚባል የእንግሊዝ ሚኒስትር ነው። ኳስ የሚወድ አንባቢ ደግሞ በ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በምዕራብ ጀርመን ላይ ሦስት ጎል ያገባውን ጂኦፍ ኸርስትን አይረሳም፤ የእሱ ስም ያለ ቅጥያ ጉብታው ብቻውን ነው። እነዚህን ሁሉ በጸሐፊው ስሌት ብንተረጉማቸው የቁራ ክርስቶስና የጠጠር ክርስቶስ ሊወጣ ነው፤ ይህን እሳቸውም እንደማይሹት እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። «ፓን» በግሪክ «ሁሉ» ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ «ፓን አፍሪካ» ስንል የምናውቀው ነው። በእንግሊዝ ምድርም ይህ ቃል በስም ውስጥ አልገባም አልልም። ለንደን ውስጥ ያለው የሴይንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ የሚጠራው በሰማዕቱ በቅዱስ ፓንክራስ ሲሆን በዚያ ስም ውስጥ ያለው «ፓን» ያው የግሪኩ ነው። እኛም ዘንድ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አባ ጰንጠሌዎን ናቸው። ግን ልዩነቱን እንይ። እነዚህ ከግሪክ አገር ተሰፍተው፣ ተጠናቀው የመጡ የቅዱሳን ስሞች ናቸው። የሰሴክስ ገበሬ ቁጭ ብሎ ሁለት የግሪክ ቃል ቀጣጥሎ ለራሱ ስም አላወጣም። አብዛኛው ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር።

ስሙን ያወጡለት ሌሎች ናቸው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት እንግሊዛዊው እንደ አብዛኛው ዓለም አንድ ስም ብቻ ነበረው። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግብር ሰብሳቢውና ፍርድ ቤቱ አንዱን ጆን ከሌላው ጆን መለየት ሲቸግራቸው ሁለተኛ ስም እየተለጠፈ ቀስ በቀስ ለልጅ መተላለፍ ጀመረ። አንዱ በሥራው ተጠራ፤ አንዱ በአባቱ፤ አንዱ በጉድለቱ ወይም በመልኩ፤ እጅግ ብዙው ደግሞ በመጣበት መንደር ወይም በሚኖርበት እርሻ። ሰው በመንደሩ ስም የሚጠራው ብዙውን ጊዜ መንደሩን ለቆ ሲሄድ ነው። መንደሩ ውስጥ ሁሉም የመንደሩ ሰው ነውና ስሙ አይለየውም።

ታዲያ የፊተኛው ክፍል «ፓንክ» ከየት መጣ? የስም አጥኚዎች ሁለት መንገድ ያሳያሉ። አንደኛው መንገድ ወደ ቦታ ይወስደናል። በምሥራቅ ሰሴክስ፣ የ1066ቱ ጦርነት ከተደረገባት ከባትል ከተማ ብዙም ሳይርቅ ፔንኸርስት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በሰሪና በሰሴክስ በኩል ደግሞ ፒንክኸርስት የሚል የቦታ ስም ይገኛል፤ «ፒንካ» በጥንታዊው ቋንቋ ፊንች የምትባለዋ ጥሬ ለቃሚ ትንሽ ወፍ ናት፤ የወፊቱ ጉብታ እንደማለት። ይህ ስም ከቦታ ወደ ሰው መተላለፉም የታወቀ ነው፤ በ1390ዎቹ በለንደን ጸሐፍት ማኅበር መዝገብ ቃለ መሐላውን በእጁ ያሰፈረ አዳም ፒንክኸርስት የሚባል ጽሕፈተ ጥሩ ሰው ነበር። በፒንክኸርስትና በፓንክኸርስት መካከል ያለው ርቀት አንድ አናባቢ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጸሐፊውን ደስ ሊያሰኛቸው ይገባል፤ እሳቸው ሳያውቁት አጠገቡ አልፈዋልና። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በበዓለ ሃምሳ የተወለደ ልጅ «ፔንተኮስት» ይባል ነበር። እኛ ጰንጠቆስጤ የምንለው፣ ግሪክኛው «ሃምሳኛ» ማለት የሆነ፣ ዛሬ በየሰፈሩ «ጴንጤ» ለሚለው አጠራር ግንድ የሆነው ያው ቃል ነው። ስሙ በገጠር ሰው አፍ ሲፈጭ «ፓንኮስት» እና «ፓንከስት» ሆነ። ዙሪያው ሁሉ «ኸርስት» በሆነበት አገር የሚኖር ጸሐፊ «ፓንከስት» ሲባል ቢሰማ ምን ብሎ ይጽፋል? የሚያውቀውን ይጽፋል፤ ከጉብታዎቹ ጋር ይደምረዋል። የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዘው በ1538 ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ለረጅም ጊዜ የስም አጻጻፍ ሕግ አልነበረውም። ቄሱ እንደሰማ ይጽፋል፤ ባለስሙ ማንበብ ስለማይችል አያርመውም። «ፓንኮስት» የሚለው መልክ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይኖራል።

በበዓል መሰየም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፋሲካ እንላለን፣ ልደቱ እንላለን፣ በአስተርእዮ ለተወለደው አስተርአየ እንላለን። እንግሊዞቹም እንዲሁ ናቸው። ፓስኮ የሚባል ሰው ስሙ ፋሲካ ነው፤ ኖኤል ገና ነው፤ ዛሬ የጌጣጌጥ ስም መስሎ የሚሰማን ቲፋኒ ደግሞ ከ«ቴዎፋንያ» የመጣ፣ በጥምቀት በዓል ለተወለደች ሴት ይሰጥ የነበረ ስም ነው። የአስተርአየ እኅት ናት ማለት ነው።

ስለዚህ በ«ፓንክረስት» ውስጥ የክርስቲያን በዓል ሊኖር ይችላል። ክርስቶስ የሚለው ቃል ግን በሁለቱም መንገድ የለም። ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ብባል፣ ሁለቱንም እይዛለሁ። አንዱ ቤተሰብ ከወፊቱ ጉብታ፣ ሌላው ከበዓሉ ተነሥተው በአንድ አጻጻፍ ላይ ቢገናኙ በእንግሊዝ የስም ታሪክ ውስጥ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም።

ወደ መስቀል ጦረኞቹና ወደ ጋሻው ልለፍ፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። በእንግሊዝ ሕግ ጋሻና ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለቀጥተኛ ዘሩ ነው፤ ለስም አይሰጥም። ይህን የሚቆጣጠር ከ1484 ጀምሮ የቆመ የዓርማ መሥሪያ ቤት ለንደን ውስጥ አለ። «የፓንክረስት ጋሻ» ወይም «የስሚዝ ጋሻ» የሚባል ነገር ያለው የቱሪስት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ስምህን ትነግራቸዋለህ፣ ዋጋውን ትከፍላለህ፣ አንበሳ የተሳለበት እንጨት ይሰጡሃል። ጸሐፊው ያያያዙት ሥዕል ከዚያ ዘር ነው። በእርግጥ በመሬታቸው ስም የተጠሩ ባላባቶችም ስለነበሩ የቦታ ስም ያለው ሁሉ ገበሬ ነበር ብዬ አልከራከርም። ግን አንድ ጎራዴ የታጠቀ ባላባት ኢየሩሳሌም ዘምቶ ሲመለስ ለራሱ የመረጠው ስም የወፍ ጉብታ ነው የሚል ታሪክ ለማመን ይከብደኛል።

ሦስተኛው ስሕተት ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ነው፤ ፍጹም የኢትዮጵያዊ ስሕተት ነውና። ጸሐፊው «ኤመሊን ፓንክረስት» የሚለውን አነበቡና ፓንክረስት የኤመሊን አባት ነው ብለው ደመደሙ። በእኛ ልማድ ቢሆን ልክ ነበሩ፤ ሴት አግብታም ወልዳም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። በእንግሊዝ ግን የባሏን ትወስዳለች። ኤመሊን በ1858 ማንችስተር ውስጥ ሲወለዱ ኤመሊን ጉልደን ነበሩ። ፓንክረስት የሆኑት በ1879 ጠበቃውን ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስትን ሲያገቡ ነው። ዓለም ያወቃቸው፣ በ1903 የሴቶችን የምርጫ መብት ማኅበር ያቋቋሙት፣ ከፖሊስ ጋር የተናነቁት፣ እስር ቤት ገብተው ምግብ አልበላም ያሉት ሁሉ በባላቸው ስም ነው። ባልየውም ቀላል ሰው አልነበሩም፤ ሚስታቸው ገና ልጅ ሳሉ ጀምሮ ለሴቶች የምርጫ መብት የሕግ ረቂቅ ያዘጋጁ ነበር።

ጸሐፊው የረሱት ሌላም ነገር አለ። እኚህ ስሙን ወደ ቤቱ ያመጡት ጠበቃ ከባፕቲስት ቤተሰብ ወጥተው ሃይማኖትን በጥርጣሬ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ሲልቪያም አማኝ አልነበሩም። «ሁሉ በክርስቶስ» የሚለው ስም ለዚህ ቤት ምን ያህል እንደሚስማማ አንባቢ ይፍረድ። አንዲት ሴት ልጅ ግን ለጸሐፊው ትመሰክራለች፦ ታላቂቱ ክሪስታቤል በኋላ ዘመናቸው አሜሪካ ሄደው የጌታን ዳግም ምጽአት የሚሰብኩ ሆነዋል። ይህን ጸሐፊው አላነሡትም፤ ቢያነሡት ከጋሻው ይልቅ ይረዳቸው ነበር።

አሁን ወደ «ወለተ ክርስቶስ»። አክስቴ ዘንድ የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን ሳታውቅ ትሰይማለች?» ብለው ያዙኝ። ስሙ መሰጠቱ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ከልባቸው አልፈጠሩትም። ሲልቪያ በ1956 ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ መስከረም 27 ቀን 1960 ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በክብር ተሸኝተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ለአርበኞች በተለየው ስፍራ ተቀበሩ። አንባቢ እንደሚያውቀው ጸሎተ ፍትሐት የሚደረሰው በክርስትና ስም ነው፤ «ሲልቪያ» ብሎ የሚጸልይ ቄስ የለም። ስለዚህ ስም ተሰጣቸው፤ ወለተ ክርስቶስ ተባሉ።

ስም መስጠት መተርጎም አይደለም። በዚህ አገር ስንት ወለተ ክርስቶስ አለች! አባቷ ከበደ የሆነ ወለተ ክርስቶስ፣ አባቷ ተሰማ የሆነ ወለተ ክርስቶስ። ቤተ ክርስቲያን ከበደንና ተሰማን ስትተረጉም ነበር ማለት ነው? የክርስትና ስም ከዓለም ስም ጋር በትርጉም መመሳሰል ግዴታው አይደለም። ደግሞም ተሰያሚዋ ሲልቪያ ናቸው፤ ትርጉም ቢፈለግ እንኳ መተርጎም የነበረበት የራሳቸው ስም እንጂ የአባታቸው አልነበረም። «ሲልቪያ» ደግሞ ከላቲኑ «ሲልቫ» የመጣ ነው፤ ሲልቫ ጫካ ነው። የፓንክረስት ምንጭ ጉብታው ከሆነ እኚህ ሴት በፊትም በኋላም ስማቸው ደን ነበር። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው «ታዲያ አርበኛ ከጫካ ሌላ የት ይኖራል?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ፓንክረስት ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነው የሚለው አምስተኛው ነጥብ በራሱ ጊዜ ወድቋል። ከአንድ መንደር በተለያየ ዘመን የወጡ የማይዛመዱ ሰዎች በአንድ የመንደር ስም ሊጠሩ ይችላሉ። በበዓለ ሃምሳ የሚወለድ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ በየአጥቢያው አለ። ብርቅ መሆን አንድ ዘር መሆን አይደለም፤ ስም የሚመነምነው ወንድ ልጅ ስላልተወለደ፣ ስለተሰደዱ፣ ወይም ቄሱ ሌላ አድርጎ ስለጻፈውም ነው። በጎረቤት አጥቢያ ያለው ፓንከስት የሥጋ ዘመድ ሆኖ በመዝገብ ግን ባዳ ሊሆን ይችላል።

ስሙ ወደ እኛ የተሻገረበት መንገድ ራሱ ይህን የአባት ሐረግ ወሬ ያፈርሰዋል። ሲልቪያ ከጣሊያናዊው ስደተኛ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ሲኖሩ ጋብቻ አልፈጸሙም፤ አልፈልግም ብለው ነው። በታኅሣሥ 1927 ልጅ ሲወለድ ስሙ የእናቱ ሆነ። ኤመሊን በዚህ እጅግ አዝነው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ዐረፉ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን በመሥራች ዳይሬክተርነት የመሩት፣ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ የታገሉት፣ በ2017 ዐርፈው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ያረፉት ፕሮፌሰር ሪቻርድ «ፓንክረስት»ን ያገኙት ከእናታቸው ነው። ከወንድ አያታቸው የወረሱት፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ «ሪቻርድ» የሚለውን ነው።

በእኛ ልማድ ቢሰየሙ ኖሮ ሪቻርድ ሲልቪዮ ይባሉ ነበር። ሲልቪዮም ከዚያው ከላቲኑ ጫካ የመጣ ስም ነው።